ናፍጣ የለመደ አሮጌ ካሚዮን በቅባት እህል ዘይት እንዲሠራ ስለ ማድረግ

ለክቡራን የየክልሉ፥ የየዞኑና የየወረዳው የእርሻ ሹማምንት።

የግብርና ሚኒስቴር ባለበት በጉርድ ሾላ ሰፈር ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው የሁለት ዘመን ነገር ባንድነት ይታየዋል። በመንገዱ መካከል ከመስከረም 2008 ዓ. ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ ለሚሄደው ባቡር የተዘረጋው ሐዲድ አለ፤ በግራና በቀኙ ደግሞ እህልና አሸዋ የጫኑ አሮጌ ካሚዮኖች ጥቁር ጢስ እየለቀቁ ያቃስታሉ። በ2016 ዓ. ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ነገር ግን ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩን ከመጋዘን ወደ ገበሬው የሚያደርሰው አሮጌው የናፍጣ ካሚዮን ነውና፥ እርሱ ገና የሚሰናበትበት ቀን አልደረሰም። አባቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ ይሉት የነበረውን የጣሊያን ካሚዮን ከዚያም ኤንትሬውን እየጠገኑ ብዙ ዘመን እንደ ኖሩበት ሁሉ፥ የዛሬዎቹም ገና ብዙ ዓመት ሳይጠገኑ አይቀሩም።

ናፍጣ በጠፋ ወይም በተወደደ ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ ግቢ የቆመውን ካሚዮን እየተመለከተ፥ «ኑግና ጎመን ዘር በሚበቅልበት አገር ይህ መኪና ስለ ምን ጦሙን ያድራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገሩም የሚቻል ነው፤ በሌላም አገር ተሠርቶበታል። ይሁን እንጂ በማናቸውም ካሚዮንና በማናቸውም ዘይት የሚሆን ስላልሆነ፥ ደግሞም ዘይቱ ከማን ማድ እንደሚነሣ ሳይመረመር ሊፈቀድ የማይገባው ስለ ሆነ፥ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

አሳቡ እንግዳ አይደለም። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ የዓለም ትርኢት ከእርሱ ዓይነት ሞተሮች አንዱ በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቶ ነበር። ይህም የሆነው የፈረንሳይ መንግሥት ኦቾሎኒ በብዛት በሚበቅልባቸው በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ከሰልና ጋዝ ከውጭ ሳያስገባ መሥራት ይቻል እንደ ሆነ ለማወቅ ስለ ፈለገ ነው። ዲዝልም በ1912 በተናገረው ቃል፥ ያን ጊዜ ከቁም ነገር የማይቈጠረው የእህል ዘይት ወደ ፊት እንደ ፔትሮሊየም የሚፈለግበት ዘመን ሊመጣ እንደሚችል አመልክቷል። በ1937 ደግሞ ሻቫን የተባለ የቤልጅግ ሊቅ የዘንባባን ዘይት በአልኮል አቅጥኖ ናፍጣ የማስመሰልን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ በሚከተለውም ዓመት በዚህ ነዳጅ የሚሄድ አውቶቡስ ከብራስልስ ወደ ሉቨን ሕዝብ አመላልሷል። ከምድር የሚቀዳው ናፍጣ ርካሽ ሆኖ ስለ ቈየ ግን ነገሩ ለብዙ ዘመን ተረሳ።

አሁን ስለ ሞተሩ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በእሳት ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ አያሻውም፤ አየሩን በሲሊንደር ውስጥ አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ ናፍጣውም በፖምፓ ተገፍቶ በኖዝል ቀዳዳ እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ ወዲያው ይነዳል። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ «እንደ ጉም» በሚለው ቃል ላይ ነው። የጎመን ዘር ዘይት በተራ ሙቀት ከናፍጣ ዐሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ከኖዝሉ ሲወጣ ጉም መሆኑ ቀርቶ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ፈጽሞ ስለማይነድ ከፊሉ በኖዝሉ አፍ ላይ ከሰል ሆኖ ይጋገራል፤ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ መካኒኮች ፋሻ በሚሉት በፒስተኑ ቀለበት በኩል ሾልኮ ከሞተሩ ዘይት ጋራ ይቀላቀላል። ከሁሉ የሚከፋው ይህ የኋለኛው ነው። የእህል ዘይት በሞተር ዘይት ውስጥ እየጋለ ሲቈይ እንደ ሙጫ ይረጋል፤ የሞተሩም ዘይት መዘዋወሩን ሲያቆም ሞተሩ ይነክሳል። ሾፌሩ እስከዚያች ቀን ድረስ፥ «ምንም ክፉ ነገር አላየሁበትም፤ እንዲያውም ድምፁ ለስልሷል» ሲል ይኖራል።

በጀርመን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2005 ከመቶ በላይ ትራክተሮች በንጹሕ የጎመን ዘር ዘይት እንዲሠሩ ተለውጠው፥ የሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውጤቱን ሲከታተል ነበር። የሚበልጡት ያለ ከባድ ጉዳት ሥራቸውን ፈጸሙ፤ የቀሩት ግን በፖምፓ፥ በኖዝልና በሞተር ዘይት መርጋት ብዙ ወጪ አስከተሉ። ይህ የሆነው የሠለጠነ መካኒክና የተመረመረ ዘይት ባለበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ካሚዮን የትኛው ነው? ተቃራኒ ቢመስልም አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል። በኮምፒዩተር የሚታዘዘውና ነዳጁን እጅግ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው አዲስ ሞተር ለወፍራም ዘይት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሊሞከርበትም አይገባም። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ መግፊያ ያለው፥ መግፊያዎቹም በአንድ መስመር የተደረደሩለት፥ ራሱም በሞተር ዘይት የሚለሰልስ ፖምፓ ያለው አሮጌ ካሚዮን ይመረጣል። በነዳጁ ብቻ የሚለሰልሰው ተሽከርካሪ ፖምፓ ግን ዘይቱ ሳይሞቅ ከደረሰበት ሊሰበር ይችላል። ደግሞም ነዳጁ አስቀድሞ በትንሽ ክፍል ውስጥ ነድዶ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት ሞተር ወፍራም ዘይትን በይበልጥ ይታገሣል። የመንግሥት ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ዋን ኤች ዜድ የተባለው የላንድ ክሩዘር ሞተር ከዚህ ወገን ነው፤ ዳሩ ግን ፖምፓው ተሽከርካሪ ስለ ሆነ፥ በአንድ በኩል የተመቸ በሌላው በኩል የሚያሠጋ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ጢስ የሚያበዛና ፋሻው ያለቀ ሞተር በዘይት አይድንም፤ ሞቱን ያፋጥንበታል።

ለውጡ የሚደረገው እንዲህ ነው። ዘይቱ እንዲቀጥን ማሞቅ ግድ ስለ ሆነ፥ ካሚዮኑ ሁለት የነዳጅ ማጠራቀሚያ እንዲኖረው ይደረጋል፤ አንዱ ለናፍጣ፥ ሁለተኛው ለዘይት። ከራዲያተሩ የሚመጣው የሞተሩ ሙቅ ውሃ በዘይቱ ማጠራቀሚያና በዘይቱ ፊልትሮ ዙሪያ በቱቦ እንዲያልፍ ይቀጠላል፤ በዚህም ዘይቱ ወደ ፖምፓው ሳይደርስ 70 ወይም 80 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ያን ጊዜ ውፍረቱ ወደ ናፍጣ ይቀርባል እንጂ አይተካከለውም። ሾፌሩ ማለዳ ሞተሩን የሚያስነሣው በናፍጣ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማብሪያ ማጥፊያውን ጫን ብሎ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ሊያቆም ሲል ደግሞ ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ ወደ ናፍጣ ተመልሶ፥ በፖምፓውና በኖዝሉ የቀረውን ዘይት ማስጨረስ አለበት። ይህን አንድ ቀን የረሳ ሾፌር በማግሥቱ ማለዳ በደብረ ብርሃን ብርድ ሞተሩን ለማስነሣት ይቸገራል። ከዚህ የተነሣ ለውጡ የሚጠቅመው ረዥም መንገድ ለሚሄድ ካሚዮን ነው። በከተማ ውስጥ ሩብ ሰዓት ሄዶ ለሚቆም መኪና፥ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጕዞው ስለሚያልቅ፥ ድካሙ ከንቱ ነው።

የቱቦውም ነገር እንዲሁ ይታሰብበት። መዳብ ዘይቱ ቶሎ እንዲረጋ ያደርገዋል፤ ዚንክ የተቀባም ብረት አይስማማውም፤ አንዳንዱም ጎማ በዘይት ያብጣል። የማይዝግ ብረትና ዘይት የሚችል ጎማ ይሻላል። ደግሞ በዘይት የተነከረ ጨርቅ፥ ይልቁንም የተልባ፥ ተከምሮ ሲያድር ከራሱ ሙቀት የተነሣ ሊነድ ይችላልና በጋራዡ ጥግ አይተው።

ስለ ዘይቱ ዓይነት ስንመጣ፥ ከመካኒኩ ይልቅ የእርሻ ሰው የሚያውቀው ይበዛል። የተልባ ዘይት በእንጨት ላይ ተቀብቶ ሲውል እንደሚደርቅና እንደ ቆዳ እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ለቀለም የሚፈለገውም ስለዚህ ነው። ያ መድረቅ በኖዝልና በፋሻ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩን ይገድላል፤ ስለዚህ የተልባ ዘይት ለካሚዮን አይሰጥም። ኑግም እንደ ተልባ ባይፈጥንም ከሚደርቁት ወገን ነው፤ ሱፍም እንዲሁ። በወጥ ውስጥ የምናመሰግነው ኑግ በሞተር ውስጥ ክፉ ባልንጀራ መሆኑ ያሳዝን ይሆናል፤ ነገር ግን እውነቱ ይህ ነው።

ከውጭ የሚገባው የዘንባባ ዘይት፥ ገበያው ፓልም የሚለው፥ በቶሎ አይደርቅም፤ ነገር ግን በደጋ ማለዳ እንደ ቅቤ እንደሚረጋ የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቃሉ። በቱቦ ውስጥም የሚያደርገው ያንኑ ነው። የጉሎ ዘይት ከናፍጣ ከ50 እጥፍ በላይ ስለሚወፍር ሳይለወጥ እንዲሁ ሊነድ አይገባውም። አይደርቄ የሚባለው ጃትሮፋ በባቲና በሌላውም ቈላ አገር ከብት ስለማይበላው ለአጥር የሚተከል ነው፤ ዘይቱ ከጎመን ዘር ጋራ የተቀራረበ ስለ ሆነ ለሞተር የተሻለ ነው። በማሊ አገር ጋራሎ በተባለ መንደር በዚህ ዘይት የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ ተደርጓል። ነገር ግን የጃትሮፋም የጉሎም ፍሬ መርዝ ነው፤ ሕፃናት እንዳይበሉት መጠንቀቅ፥ ከጭመቃው የሚቀረውንም ፋጉሎ ለከብት አለመስጠት ይገባል። የኑግ ፋጉሎ የለመደ ገበሬ ሳይነገረው ቢቀር ላሙን ይገድላል።

ከሁሉ ለዚህ ሥራ የሚስማማው የአገራችን ዘር ጎመን ዘር ነው። ባልቴቶቻችን ወቅጠው ምጣድ የሚያሰሱበት ይህ ፍሬ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ የሐበሻ ሰናፍጭ እየተባለ ይታወቃል፤ በሆለታ የምርምር ማዕከልም የሎ ዶዶላንና ሆለታ-1ን የመሰሉ ዝርያዎች ወጥተውለታል። በጥቅምት 2005 ዓ. ም. በካናዳ አንድ የምርምር አይሮፕላን ከዚህ ፍሬ ዘይት በፋብሪካ በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ፤ በጥር 2010 ዓ. ም. ደግሞ የአውስትራሊያው ካንታስ ከአሜሪካ ሎስ አንጀለስ እስከ ሜልቦርን በነዳጁ ውስጥ ይህንኑ በዐሥር እጅ ቀላቅሎ ተጓዘ። ዘሩ የእኛ ሆኖ ነዳጁን ሌላው መሥራቱ የሚያስቈጭ ነው፤ ሆኖም ቍጭት ብቻውን አንድ ሊትር ዘይት አይጨምቅምና ወደ ሒሳቡ እንሂድ።

አንድ ኩንታል ጎመን ዘር በትንሽ መጭመቂያ ቢጨመቅ 35 ሊትር ያህል ዘይት ይሰጣል እንበል። ከአንድ ሄክታር ዐሥር ኩንታል ቢገኝ 350 ሊትር ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር የሚፈጅ ካሚዮን በዚህ 1,400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ ለመመለስ ጥቂት የሚጐድለው ነው። ሰው ነፍስ በወር አንድ ሊትር ዘይት ቢበላ፥ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በዓመት 60 ሊትር ይበቃዋል። እንግዲህ አንድ ካሚዮን በአንድ ደርሶ መልስ የሚያነድደው አምስት ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን ዘይትና ከዚያ በላይ ነው። የሚበላውን ዘይት አብዛኛውን ለብዙ ዘመን ከውጭ ሲያስገባ የኖረ አገር፥ አንዱን ከውጭ የሚገባ ነገር ለማዳን ሌላውን ከውጭ የሚገባ ነገር ቢያቃጥል ትርፉ ወዴት ነው? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፥ ለምግብ የሚሆን አዲስ ዘይት ለካሚዮን እንዲውል የሚቀርብ ማመልከቻ ሁሉ ሊመለስ ይገባዋል።

ይህ ፍርሃት ከባዶ የተነሣ አይደለም። መንግሥት በ2000 ዓ. ም. መባቻ ስለ እህልና ስለ ተክል ነዳጅ መመሪያ ባወጣ ጊዜ፥ ከውጭ የመጡ ኩባንያዎች በምሥራቅ ሐረርጌና በወላይታ የጉሎ ዘር ለገበሬ እያደሉ ነበር። በምሥራቅ ሐረርጌ ከተሰጠውም መሬት ከፊሉ በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ስለ ገባ ብዙ ክርክር ተነሣ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራው እንደ ታሰበው ሳይሆን ቀረ፤ የእህል ማሳውን ለጉሎ የሰጠው ገበሬም ለአቤቱታ ተዳረገ። ዳግመኛ እንዲህ ያለ ጥሪ ወደ ወረዳ ሲመጣ፥ ፍሬውን በምን ዋጋ ማን እንደሚገዛ፥ ገዢውም ቢጠፋ ገበሬው ምን እንደሚበላ በጽሑፍ ሳይታወቅ ማሳ አይነካ።

ታዲያ ለካሚዮኑ የሚተርፈው ዘይት የቱ ነው? አንድ ጊዜ ተጠብሶበት የተጣለው ነው። በጉርድ ሾላ፥ በቦሌና በሲ ኤም ሲ ያሉት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች፥ በክፍለ ሀገርም የዩኒቨርሲቲ ማድ ቤቶች፥ ሥጋና ድንች ጠብሰው ያጠቈሩትን ዘይት ወይ በቦይ ያፈስሱታል፥ ወይ ለሌላ ጠባሽ ይሸጡታል። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ለሰው ጤና ክፉ ስለ ሆነ፥ ይህን ከምግብ ገበያ አውጥቶ ለካሚዮን መስጠት ሁለት ጥቅም አለው። መጠኑ ግን ብዙ አይደለም፤ በአንድ ከተማ ያለው ሁሉ ቢለቀም አንድ ወይም ሁለት ካሚዮን ቢያሠራ ነው። በዚህ የሚያዝን ሹም ቢኖር፥ እውነቱን አስቀድሞ ማወቁ በርሜልና መጭመቂያ ገዝቶ ከመጸጸት ይሻለዋል።

የተለቀመው ዘይት በበርሜል ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሳይነካ ይቀመጥና ጭቃው ወደ ታች ይዝቀጥ። ከላይ ያለው ብቻ ተቀድቶ በመጀመሪያ በጥቅጥቅ ጨርቅ፥ ቀጥሎ የሚሊሜትር 5 ሺኛ ያህል ጉድፍ በሚያስቀር ፊልትሮ ይጣራ። ውሃ ካለበት ፖምፓውን ያዝገዋል፤ ይህንንም ለማወቅ የማድ ቤት ዘዴ ይበቃል። በጋለ ምጣድ ላይ ጠብታ ሲደረግ የሚንጫጫ ከሆነ ውሃ አለበት፤ እንግዲያውስ ከ100 ዲግሪ በላይ አሙቆ ውሃውን ማትነን ነው። በደጋ አገር ውሃ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ስለሚፈላ፥ «ፈልቷል» ብሎ በጊዜ የሚያወርድ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ተወው ማለት ነው። ሲሞቅ አረፋው ገንፍሎ እሳት እንዳይነካ በርሜሉን ከግማሽ በላይ አይሙሉ።

ዘይቱን በአልኮልና በኮስቲክ ሶዳ ለውጦ እንደ ናፍጣ ቀጭን የማድረግ ሌላ መንገድም አለ፤ ሻቫን ያስመዘገበውም ዘይቱን በአልኮል የመለወጥን ዘዴ ነው። በዚህ የተሠራው ነዳጅ የካሚዮኑን አካል ብዙ ሳይነኩ ሊቃጠል ይችላል። ነገር ግን የሚፈለገው አልኮል ሜታኖል ከሆነ ትነቱም ሳይቀር የሚያሳውርና የሚገድል መርዝ ነው፤ ኤታኖልም ከሆነ ውሃ የሌለበት መሆን አለበት። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚያወጣው ኤታኖል ከ2001 ዓ. ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ በመጀመሪያ በአምስት እጅ፥ በ2003 ዓ. ም. ደግሞ በዐሥር እጅ ሲቀላቀል እንደ ነበር ይታወሳል። የመንደር አረቄ ግን ውሃው ብዙ ስለ ሆነ ለዚህ አይሆንም፤ ቢሞከር የሚገኘው ነዳጅ ሳይሆን ሳሙና ነው። ይህ ሥራ የኬሚስትሪ አዋቂ በሌለበት ወረዳ አይጀመር።

ካሚዮኑን ከመንካት በፊት ግን አንድ ሌላ ሞተር ይታሰብ፤ ይኸውም በገጠር እህል የሚፈጨው የወፍጮ ሞተር ነው። እርሱ ቀርፋፋና ጠንካራ ነው፤ ከጧት እስከ ማታ በአንድ ዓይነት ጭነት ይሠራል፤ ቢበላሽም በመንገድ ላይ ሰው አያስቀርም። ጃትሮፋ በአጥር ላይ ባለበት ቈላ፥ ፍሬው ተለቅሞ፥ እዚያው ተጨምቆ፥ እዚያው ሊነድ ይችላል። ሙከራ ማድረግ የሚሻ ወረዳ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው።

ሆኖም የተጣለ ዘይት የሚያገኝና የሚስማማ አሮጌ ካሚዮን ያለው፥ ከበላይ መሥሪያ ቤቱም ፈቃድ የተቀበለ ሹም ቢኖር፥ የሚከተለውን ያድርግ። ካሚዮኑ ከመለወጡ በፊት ኖዝሎቹ ይፈተሹ፥ የሲሊንደሮቹም ግፊት ተለክቶ ይጻፍ። የሞተሩ ዘይት በተለመደው ኪሎ ሜትር እኩሌታ ይለወጥ። ሾፌሩ በየማለዳው የሞተሩን ዘይት በመለኪያው ዘንግ አይቶ ከፍታውን በመዝገብ ያስፍር፤ ከፍታው ከትናንቱ ጨምሮ ቢገኝ ነዳጁ ወደ ሞተር ዘይቱ እየሾለከ ነውና፥ ካሚዮኑ ወዲያው ቆሞ ዘይቱ ይቀየር፥ ኖዝሉም እስኪፈታ ድረስ በናፍጣ ብቻ ይሂድ። ከተጣራው ዘይት ከእያንዳንዱ በርሜል አንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ቀኑና የተገኘበት ማድ ቤት ይጻፍበት፤ ካሚዮኑ ያን በርሜል ጨርሶ አንድ ወር እስኪሞላው ድረስ ጠርሙሱ በመጋዘን ይቀመጥ፤ ጉዳት ቢደርስ መካኒኩ የሚመረምረው እርሱን ነው።